ብረቱና ብርዙ

ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ሐሙስ

ጤና ረዳቱ አያሌው «ደብተር ይያዙ» ስላለኝ ያዝኩ። ከመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተረፈች ባለ ሃምሳ ቅጠል ናት። የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ውጤት ስመዘግብ አሥራ አራት ዓመት ኖሬ አሁን ደግሞ የባሌን የሽንት ቀለም መመዝገብ ደረሰኝ። ይሁን።

እንዳልረሳው አሠራሩን ልጻፍ። አያሌው በቀጭን ብልቃጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ያደርጋል፤ ከባሌ ከንብረት ሽንት ጥቂት ጠብታ ይጨምርበትና እሳት ላይ ያፈላዋል። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ስኳር የለም። አረንጓዴ ከሆነ ጥቂት አለ። ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ብርቱካን ይሆናል። እንደ ሸክላ ከቀላ ግን አያድርስ ነው።

ዛሬ፦ አረንጓዴ።

«ጎበዝ ነዎት፣ መምህርት» አለኝ አያሌው። ንብረት ክራንቹን ተደግፎ አጠገቤ ቆሟል። «የሸናሁት እኔ፣ ጎበዝ የተባለችው እሷ!» ብሎ ሳቀ። ከሐምሌ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።


ኅዳር 12፣ እሑድ፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሻለሁ። ንብረት ተኝቷል። መግቢያ ለሌለው ድርሰት ለልጆቹ ዜሮ የምሰጥ ሴት ነኝና እኔም መግቢያዬን ልጻፍ።

ሐምሌ ላይ ንብረት ከነፋስ መውጫ እህል ጭኖ ሲመጣ ጉና ዳገት ላይ መኪናው በጭቃ ተንሸራቶ ተገለበጠ። የግራ ቅልጥሙ ሦስት ቦታ ተሰበረ። ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛ። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ስንዝር የሚያህል ብረት አጥንቱ ላይ አስደግፎ በብሎን አሰረለት። በብሎን! ንብረት ሲነገረው «ጎማ ቀየሩልኝ በሉኛ» አለ። እዚያው ደሙን ሲመረምሩት ስኳር ተገኘበት። በአርባ ሦስት ዓመቱ፣ ቦርጭ እንኳ የሌለው ሰው።

ስንወጣ ሐኪሙ በአስተርጓሚ ያለኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ይህ ብረት የሰውነቱ አካል አይደለም። ሰውነቱ እንዲቀበለው ስኳሩ መውረድ አለበት። ስኳሩ ከጨመረ ቁስሉ አይደርቅም፣ ቁስሉ ካልደረቀ ብረቱ መግል ይይዛል። ያን ጊዜ ብረቱን ማውጣት ብቻ ላይበቃ ይችላል።» ምን ማለት ነው አልኩት። ሐኪሙ አስተርጓሚውን አልጠበቀም፤ በጣቱ ከንብረት ጉልበት በላይ መስመር አሰመረልኝ።

ስኳር እንዳይቀምስ፣ መጠጥ እንዳይጠጣ፣ ክኒኑን ጠዋትና ማታ እንዲውጥ። ትእዛዙ ይህ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ትእዛዝ አክባሪ ነኝ። ልጅ አልሰጠንም፤ ያለኝ እሱ ነው።


ኅዳር 18፣ ቅዳሜ

የወሩ ስኳር መጥቷል ተብሎ ኅብረት ሱቅ ተሰለፍን። ተራዬ ሲደርስ «የኔን ድርሻ ለጎረቤቴ ለውባንተ ስጡልኝ» አልኩ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ካሳሁን ከመዝገቡ ቀና ብሎ «ጓድ አለምወርቅ፣ ስኳር የማይፈልግ ሰው ዘንድሮ አየሁ» አለኝ። ከኋላዬ አንዷ «ለነጋዴ ልታሳልፈው ይሆናላ» ስትል ሰማሁ። ዘወር ብዬ አላየኋትም። ስኳር የሚባል ነገር እደጃፌ አይደርስም፣ ያሉትን ይበሉ።

ከሰዓት በኋላ የንብረት እናት እማማ ዘነበች ከገሳይ መጡ። በአህያ ትልቅ እንስራ ሙሉ ማር ጭነው ነው፤ የዘንድሮ፣ ከነሰፈፉ።

«ስኳር ከለከሉት አሉኝ። እሰይ! የፋብሪካ ዱቄት ምን ያረግለታል? ይኸ የአበባ ነው ልጄ። ቁስል ያደርቃል፣ ጉልበት ይሰጣል። ጠላና ጠጁ ከቀረበት ብርዝ በጥብጪለት። ጌሾ የለው፣ አያሰክር፤ ልጅም ቄስም የሚጠጣው ነው።»

እውነታቸውን ነው። አባቴም በታመመ ጊዜ ማር ነበር የምንሰጠው። ወዲያው አንድ ጣሳ በጠበጥኩለት። ንብረት ጠጥቶ ከንፈሩን ጠረገና «በስተርጅና ጡት ልታስጥዪኝ ነው?» አለኝ።


ኅዳር 23፣ ሐሙስ

ቢጫ።

አያሌው ይጠይቀኛል፣ እመልሳለሁ። «ስኳር?» እቤቴ አይገባም። «መጠጥ?» ከሐምሌ ወዲህ አልቀመሰም። «ጣፋጭ ነገር?» «አያሌው፣ በየትኛው ሱቅ ከረሜላ አይተህ ነው?» ሳቀና ክኒኑን ጨመረለት። የብርዙን ነገር ልነግረው አስቤ ነበር፤ ግን ወረፋው በር ድረስ ነው፤ ደግሞስ ማር ምኑ ለሐኪም ይነገራል።


ኅዳር 28፣ ማክሰኞ

በዕረፍት ሰዓት፣ አስተማሪዎች ክፍል። ንብረትን ውኃ ውኃ ይለዋል። «አለሜ፣ አፌ ደረቀ» ይላል፤ ይጠጣል፤ ይሸናል፤ ደግሞ ይጠጣል። ባዶ ውኃ ለታመመ ሰው ምን ይሆነዋል ብዬ ብርዙን አበዛሁለት። ሁለት ጣሳ የነበረው አራት ሆኗል። ደወል ተደወለ።


ታኅሣሥ 7፣ ሐሙስ

ብርቱካን።

አያሌው ዛሬ ጎበዝ አላለኝም። ንብረትን ውጭ አስጠብቆ «ሰውየው ተደብቆ የሚቀምሰው ነገር አይኖርም?» ሲል ጠየቀኝ። የለም አልኩ። «ሾፌር ናቸው እኮ መምህርት፤ ሾፌርና ጠጅ ቤት…» ብሎ ተወው። ተቆጣሁ። ንብረት ክፉ ሰው እንዳልሆነ ነግሬው ወጣሁ።

መንገድ ላይ ግን በጎን አየሁት። ሱሪው ሰፍቶታል፣ በገመድ ነው ያሰረው። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እኔ ትምህርት ቤት ነኝ፣ እሱ ብቻውን ይውላል። የሙላቴ ጠጅ ቤት ከኛ ሦስት ደጃፍ ነው። በክራንችም ሩቅ አይደለም።


ታኅሣሥ 12፣ ማክሰኞ

ካልሲውን ላጥብ ሳነሳ አየሁት። ፈሳሽ ደርቆበት እንደ ቆዳ ሆኗል። «እግርህን አሳየኝ» አልኩት፣ እምቢ አለኝ። በግድ ገለጥኩት። የጠባሳው ጫፍ ላይ ምስር የምታህል ቀዳዳ ተከፍታ ፈሳሽ ታወጣለች።

«መቼ ጀመረህ?»

«ቆየ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ያ ቀለም በተቀየረ ቁጥር ፊትሽ የሚሆነውን አይቼ ነዋ።»

እኔ ሰው እንደማስፈራ አላውቅም ነበር። በጨው ውኃ አጠብኩለት። ሽታ አለው፤ ትንሽ። እማማ ዘነበች ወንዛዬ ፍል ውሃ ልውሰደው ብለው ልከዋል። አያሌው አይሆንም ብሏል።


ታኅሣሥ 19፣ ማክሰኞ፣ ገብርኤል

አያሌው ፔኒሲሊን ይወጋዋል። «መግሉ ከጨመረ ብረቱን ያስገቡት ሐኪሞች ዘንድ ይሂድ» ይላል። ለመሄድ የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል፣ መኪና ያስፈልጋል፣ ከዳይሬክተሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈተና እያረምኩ ነው። ገና ደግሞ አሥር ቀን ቀረው። ገናን ሰው በቤቱ ይዋል፤ ከገና በኋላ እወስደዋለሁ።


ታኅሣሥ 30፣ ቅዳሜ

ትናንት ገና ነበር። ዛሬ እንግዶቹ ሄደዋል፣ ጊዜ አለኝና ሁሉንም ልጻፈው፤ ጥሩ የሠራሁት ነገር ስላለ መጻፍ አለበት።

የፈራሁት በዓሉን ነበር። አውዳመት ላይ ባዶ እጁን የተቀመጠ ወንድን ሰው አይተወውም። «በሞቴ» ይሉታል፣ «አፈር ስሆን» ይሉታል፣ የሐኪም ነገር ቢነግሯቸው «ዛሬን ብቻ» ይሉታል። ንብረት ደግሞ ሰው ለምኖት እምቢ ማለት አያውቅም። ስለዚህ አንድ መላ አሰብኩ። ማሩን ወፈር አድርጌ፣ ሰፈፉን አጥልዬ፣ ብርዙን እንዳይፈላብኝ ከሁለት ቀን በፊት ሳይሆን በዋዜማው በጠበጥኩትና በራሱ ብርሌ ቀዳሁለት። ወርቅ የመሰለ ቢጫ ነው፤ ከጠጁ ማንም አይለየውም። ሌላው ሰው ጠጅ ሲቀዳለት ከጓዳ እየመላለስኩ የሱን እኔ ራሴ ሞላሁለት።

ማንም አላወቀ! የውባንተ ባል አለሙ ብርሌውን ከንብረት ብርሌ ጋር አጋጭቶ «እግርህ ይጽናልህ» አለው። ንብረት ጨዋታ አመጣ፣ ስለ መኪናው መገልበጥ እያወራ ሁሉንም አሳቃቸው። እማማ ዘነበች በጎን ጠቀሱኝ፤ ምስጢሩን የምናውቀው ሦስታችን ነን። ስንቴ እንደሞላሁለት አልቆጠርኩም። ዶሮውንም ቅቤ አቅልዬ ነው የሠራሁት። ከዳቦው ቁራሽ ብቻ ነው የሰጠሁት። ሰው ከተጨነቀበት አውዳመትን ያለ ስኳርና ያለ መጠጥ መዋል እንደሚቻል ለአያሌው እነግረዋለሁ።

ማምሻውን ንብረት ሁለት ጊዜ አስታወከ። ዶሮው ይሆናል። ከጾም ሲወጡ ሆድ እንዲህ ነው።


ጥር 5፣ ሐሙስ

ሸክላ።

አያሌው ብልቃጡን ወደ መስኮት አንስቶ አየው፣ ከዚያ አሳየኝ። የግንብ ጡብ ነው የሚመስለው። «መምህርት፣ ባለቤትዎ በገና ጠጥተዋል» አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በጥፊ ባልኩት። ግን እኔስ ምን ልበል? ሁሉን አደረግሁ እኮ። ስኳር የለም፣ መጠጥ የለም፣ ክኒኑን ቆሜ ነው የማስውጠው። ልጅ ሁሉን ነገር በትክክል አስተምረውት ከወደቀ፣ ወይ አልተማረም ወይ ያታልላል። ንብረት ያታልለኛል።

ሽታው ጨምሯል። እሱ የሚሸተው አይመስልም።


ጥር 11፣ ረቡዕ፣ ጥምቀት

ታቦት ልሸኝ ወጥቼ ነበር። ንብረት እግሩን ዘርግቶ እቤት እንዲቆይ ብዬ፣ ብርዙን በብርሌው ሞልቼለት ነው የሄድኩት። ሰፈር ስደርስ ውባንተ ከደጃፏ ጠራችኝ። «አንቺዬ፣ ባልሽ ዳነ እንዴ? ሙላቴ ደጅ ተቀምጦ ብርሌውን ሲጨልጥ አየሁት።»

ሮጥኩ። እውነትም ሙላቴ ጠጅ ቤት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ብርሌው ባዶ ነው፣ ዓይኑ ፈዟል።

«ታቦቱ በዚህ ሲያልፍ ለማየት ነው የወጣሁ» አለኝ። «የጠጣሁት ያንቺኑ ብርዝ ነው። ሙላቴን ጠይቂው።»

ሙላቴን ልጠይቅ! ጠጅ ሻጭ ደንበኛውን ሊያጋልጥ? በሰው ፊት ምን እንዳልኩት መጻፍ አልፈልግም። ነጭ የለበሰ ሰው ሁሉ ቆሞ አየን።


ጥር 13፣ ዓርብ

ትናንትም ሸክላ። አያሌው ቶሎ ይውሰዱት ብሎኛል።

ዛሬ በእመቤታችን ሥዕል ፊት አቆምኩትና ማል አልኩት። በአንድ እግሩና በክራንቹ ቆሞ «በእመቤቴ፣ ከሐምሌ ወዲህ ጠጅም ጠላም በአፌ አልዞረም» አለ። ላቡ ይወርድ ነበር። «አላምንህም» አልኩት። ማርያምን ጠርቶልኝ አላምንህም አልኩት። «ቀለሙ አይዋሽም፣ ንብረት» አልኩት። አየኝና ሄዶ ተኛ።

ከዚህ በኋላ አላናግረውም። ተማሪዎቼንም እስኪናዘዙ እንዲህ ነው የማደርጋቸው። ብርዙን ግን ስድስት ጣሳ አድርጌለታለሁ፤ እዚሁ ጥሙ ከወጣለት ሌላ ቤት አይሄድም።


ጥር 16፣ ሰኞ

ሦስት ቀን ዝም ብለን ሰነበትን። ምሳውን አስቀምጬለት እወጣለሁ፣ ራቱን አስቀምጬለት ወደ ጓዳ እገባለሁ። ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«እሺ፣ ጠጥቻለሁ። ሙላቴ ቤት ነው የጠጣሁ። አሁን አናግሪኝ።»

ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን ደስ ነው ያለኝ። ልክ ነበርኩ። ስንት ቀን አልኩት፤ «ያልሽውን ያህል» አለኝ። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ እግሩን አጠብኩለት። ለውባንተም ማመኑን ነገርኳት፤ ባልነግራት ይሻል ነበር መሰለኝ።


ጥር 18፣ ረቡዕ

ጨርቁን ስፈታ ቀዳዳው ተቀዷል። ከውስጡ የሚያበራ ነገር አየሁ። አጥንት መስሎኝ ነበር፤ ብረቱ ነው። የብሎኑ ራስ ሳይቀር ይታያል። ሰውነቱ እንደ እሳት ይፈጃል። «ምን አየሽ?» ይለኛል። ምንም አልኩት።


ጥር 20፣ ዓርብ

ይለፍ የለም። ካሳሁን ስብሰባ ነው። ትናንትም ስብሰባ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሲወጣ «ጓድ አለምወርቅ፣ ሥርዓት አለ፤ ማኅተሙን የቆለፈበት ሰው መስክ ነው» አለኝ። እዚያው ቆመው ከነበሩት አንዱ «የሰካራም እግር ነው፣ ምን ያስቸኩላል» ሲል ሰማሁ። ያወራሁት እኔ ነኝ። ወሬው ከኔ አፍ ነው የወጣው።

ለምን ከገና በፊት አልወሰድኩትም? ለፈተና ወረቀት ብዬ። ለዶሮ ብዬ።


ጥር 22፣ እሑድ፣ ሆስፒታል

ትናንት ማኅተሙ ተገኘ፤ በጭነት መኪና መጣን። ንብረት ይቃዣል፤ መሪ የያዘ እየመሰለው እጁን ያዞራል። ሐኪሙ እግሩን አይቶ በቋንቋው ተናገረ። ከምንም በፊት «ይጠጣል፣ ራሱ አምኗል» አልኩ። አስተርጓሚው ተረጎመው፤ ካርዱ ላይ ተጻፈ።

ማታ ሲስተር ሙሉ የምትባል ነርስ ለብቻዬ ጠርታ ጠየቀችኝ። የሌላ አገር ልጅ ናት፣ ከደቡብ በኩል ይመስለኛል፤ ቁጡ አይደለችም። ጠዋት ምን ይበላል፣ ምሳ ምን ይበላል፤ እየጻፈች። «ቀኑን ሙሉስ የሚጠጣው ምንድን ነው?»

«ብርዝ» አልኳት። ኮራ ብዬ ነው ያልኩት።

«ስንት?»

«መጀመሪያ ሁለት ጣሳ ነበር። ጥሙ ሲብስበት አራት አደረግሁት። አሁን ስድስት ነው።»

መጻፍ ተወች። «ብርዝ በምን በምን ነው የሚሠራው?»

«ማር በውኃ።»

እንደዚያ ያልኩ ጊዜ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ሲስተር ሙሉ ቀስ ብላ «ማር ስኳር ነው፣ እናቴ። ከኅዳር ጀምሮ ስኳር ነው ሲጠጣ የኖረው። የጠማውም ለዚያ ነው» አለችኝ። ውኃ አመጣችልኝ። ልጠጣው አልቻልኩም።


ጥር 23፣ ሰኞ

ደብተሩን ከኅዳር 18 ጀምሮ መልሼ አነበብኩት። ሁሉም እዚህ አለ። በራሴ እጅ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። ቢጫ፤ አበዛሁለት። ብርቱካን፤ አበዛሁለት። ሸክላ፤ በእመቤታችን ፊት አቆምኩት። አንድ ልጅ እንኳ ይህን ደብተር ቢያነብ ስህተቱን ያወጣዋል።

«ማር ምኑ ለሐኪም ይነገራል» ብያለሁ። ለምን ጻፍኩት? ነገሩ ከከነከነኝ ለምን ተውኩት? ወረፋው ረጅም ነበር ብዬ ነው?

ምነው እኔን በወሰደኝ።


ጥር 24፣ ማክሰኞ

ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። ሐኪሙ ያን ጊዜ በጣቱ ያሰመረበት ቦታ ላይ ነው።


ጥር 27፣ ዓርብ

ትኩሳቱ ወርዷል። ሽንቱ አረንጓዴ ነው አሉኝ። ልመዝግበው ብዬ አይደለም፣ እንዲያው እዚህ ገባ። ሲነቃ «እግሬ ያሳክከኛል» ይላል፤ የሌለውን እግር ነው። አንሶላውን አክክለታለሁ።

ልንገረው? ሐኪሙ «ገና ደካማ ነው» ይላል። ሲጠነክር እነግረዋለሁ። አሁንም ከዚህ በኋላ፣ ከዚያ በኋላ እያልኩ ነው።


የካቲት 1፣ ማክሰኞ

አለሙና ውባንተ ሊጠይቁ መጡ። አለሙ አንሶላው ከጉልበት በታች ጠፍጣፋ መሆኑን አይቶ ዓይኑን አሸሸ፤ ከዚያ መምከር ጀመረ። «አይ ንብረት! ሚስትህ እንዲያ ስትለፋልህ እግርህን ለሙላቴ ብርሌ ሰጠኸው?»

ንብረት ፈገግ አለ። «ምን ላርግ፣ ወንድሜ፤ ጥማት አሸነፈኝ።»

ውባንተ እጄን ይዛ «አይዞሽ፤ ያንቺን ትዕግሥት እግዜር ያያል» አለችኝ። እስኪሄዱ ድረስ የብርቱካን ልጣጭ ስለቅም ነበር።


የካቲት 3፣ ሐሙስ

ነገርኩት።

ጠዋት፣ አጠገቡ ያለው በሽተኛ ለራጅ ፎቶ ሲወሰድ፣ ወንበሩን አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ማሩን፣ ጣሳዎቹን፣ ለአያሌው አለመናገሬን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ትምህርት እንደማስረዳ ነው ያስረዳሁት። ስጨርስ ጣሪያውን እያየ «አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሲስተር ሙሉ ነግራኛለች። ሊቆርጡኝ ሲሉ፣ ትኩሳቱ ለአፍታ ሲለቀኝ እኔ ነኝ የጠየቅኳት። አልጠጣሁምና ከምን መጣ አልኳት።»

«ታዲያ ለነአለሙ ለምን ጥማት አሸነፈኝ አልክ?»

አንሶላውን ወደ ደረቱ ሳበ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ማሩ የእናቴ ነው፣ አለሜ። ልጄን በማሬ እያከምኩት ነው ብላ ገሳይን ሁሉ አዳርሳለች። ይህን ከሰማች አትተርፍም። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ እሷ እስካለች ለማንም እንዳትናገሪ። ሰካራም ነው ይበሉ። እኔ ምን ቀረኝ።»

እሺ አልኩት። እግሩ ሥር ወድቄ ይቅር በለኝ ልለው ነበር፤ የቀረለት አንድ እግሩ ነው፤ እሱን ያዝኩ።

«የማሩን ነገር አንቺም አላወቅሽ፣ እኔም አላወቅሁ። በሱ አልይዝሽም» አለ። ከዚያ «በማርያም ምዬልሽ አላምንህም ያልሽኝን ግን…» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምሳ እስኪመጣ አልተመለሰም።


የካቲት 5፣ ቅዳሜ

እማማ ዘነበች ዛሬ ደረሱ። ከገሳይ ሁለት ቀን ተጉዘው፣ ነጠላቸው አቧራ ብቻ ሆኖ። የአልጋውን ግርጌ ይዘው ቆሙ። የአንሶላውን ጠፍጣፋ ቦታ በእጃቸው ዳሰሱት፤ እንደገና ዳሰሱት። ከዚያ ደረታቸውን መቱ።

«አንተ ሰካራም! አንተ ጉድ! በማሬ ልታድንህ እንዲያ ስትለፋ፣ አንተ ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት? ይኸን ልታሳየኝ ነው የወለድኩህ?»

ክፍሉ ውስጥ ያለ በሽተኛ ሁሉ ቀና አለ። ንብረት እጃቸውን ሊይዝ ተንጠራራ። «ይቅር በይኝ፣ እማ። አጥፍቻለሁ።»

«እኔን አይደለም! እሷን ይቅር በይኝ በል!»

ንብረት አየኝ። «ይቅር በይኝ፣ አለሜ» አለ።

እማማ ዘነበች ወደኔ ዞሩ። ሁለቱንም እጆቼን ይዘው፣ መዳፌን ገልብጠው ሳሙት፤ እንባቸው መዳፌ ላይ ወረደ። «አንቺ ባትኖሪ ሬሳውን ነበር የምቀበለው። ያጠጣሽበትን እጅ እግዚአብሔር ይባርከው። ውለታሽን እሱ ይክፈልሽ፣ ልጄ።»

ንብረት ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሳም። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ትልቅ ሰው ሲመርቅ ዝም አይባልም።

«አሜን» አልኩ።